ቁልፉን የሚቀበለኝ እጅ

በዚያች ከተማ መግቢያ በር ላይ፣ ከሳንቃው በላይ ባለው ድንጋይ፣ «ከዚህ ውሉን ሳይጨርስ የወጣ የለም» የሚል ተቀርጿል። ፊደሎቹ በየዓመቱ በቀይ ቀለም ይታደሳሉ። የተወለድኩት ከዚያ በር በስተውስጥ ነው፤ የተማርኩት ግን ሩቅ አገር ነው። ተመልሼ ስገባ ቀና ብዬ አነበብኩትና ኮራሁ። በሌሎች ከተሞች በር ላይ ያየሁት «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም ይጽፈዋል።

እኔ ራሴ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ሩቅ አገር በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ሰባት ቤት ተከራይቼ ሰባቱንም ጊዜው ሳይደርስ ለቅቄያለሁ። እዚያ መልቀቅ ቀላል ነው። አጭር ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ ቁልፉን በር ላይ ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ትጥላለህ፤ ፊትህን የሚያይ ሰው የለም። ሰዎች «ትምህርቱን ጨርሶ መጣ» ሲሉኝ፣ የጨረስኩት ትምህርቱን ይሁን የምሄድበትን ቦታ ሁሉ፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ስለዚህ አገሬ እንደገባሁ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ለዘጠኝ ዓመት መፈረም ነበር። ይህ ሰው መቀመጥ ይችላል እንዲባልልኝ ፈለግሁ።

የተከራየሁት ከከተማው ነው። ቤቱ ላይ መደዳ በሚባለው የሱቆች ረድፍ ሃያ ሰባተኛው በር ሲሆን፣ ሙያዬ መነጽር መሥራት ነው። ውሉን ያቀረቡልኝ የጽናት ሹሙ ነበሩ፤ በዚያች ከተማ የተከራዮች ጉዳይ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ዓይኔን በመስመሮቹ ላይ ሳሳልፍ አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«እያነበብኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«በመደዳው ላይ ካሉት አርባ ተከራዮች አንድም ያነበበ የለም። ምን ጎደለባቸው?»

አንብቤ ጨረስኩና ፈረምኩ። እሳቸውም በከተማው ስም አንድ ትራስ ሰጡኝ። ተከራይ ሲገባ ስስ ትራስ ይሰጠዋል፤ በየዓመቱ ወፍራም ይለወጥለታል። የሰው ጽናት የሚታወቀው በተቀመጠበት ትራስ ውፍረት ነው።

ጎረቤቴ፣ ሃያ ስድስተኛው በር፣ ኮርቻ ሠሪው ጓንጉል ነበር። ስሙ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። በመጀመሪያው ሳምንት ለመነጽር ማኅደር የሚሆን ቁራጭ ቆዳ እንዲሰፋልኝ ብዬ ገባሁ። በጣም ወፍራም ትራስ ላይ ተቀምጦ ያስላል።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ይህን ይሰፉልኛል?»

«አልሰፋም።»

«ኮርቻ ሠሪ አይደሉም እንዴ?»

«ጓንጉል ኮርቻ ሠሪ ነው። እኔ ለጓንጉል የምቀመጥለት ነኝ።»

«ጓንጉልስ የት ሄደ?»

«አልሄደም» አለና ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ይኸው ተቀምጧል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ተከራይ አይወጣበትም። ስለዚህ ተከራይ ሲጠፋ፣ ሲታክተው ወይም አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ሲሄድ፣ የጽናት ሹሙ በቦታው ምትክ ያስቀምጡለታል። ምትኩ በተከራዩ ስም ይጠራል፤ በስሙ ሰላምታ ይቀበላል፤ በስሙ በዓል ይውላል። ከመቀመጥ በቀር ግን ምንም አይሠራም፤ እጁን ለሥራ ከዘረጋ ሌላ ሰው መሆኑ ይታወቃልና። በላይ መደዳ ካሉት አርባ በሮች ሃያ ስድስቱ ውስጥ ያሉት ምትኮች ናቸው። ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች አንድም የተዘጋ በር ባለማየታቸው ይደነቃሉ። አንድ ነገር ለመግዛት ሲሞክሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት መደነቅ ይደነቃሉ።

በሁለተኛው ዓመት ከተማው ለጽናቱ መታሰቢያ ግንብ አሠራ። ግንቡ የቆመው በእኔ ሱቅና በፀሐይ መካከል ነው። ከረፋድ በኋላ መስታወቱን የማለሰልሰው በጣቴ እየዳሰስኩ ሆነ። ለሹሙ ብናገር «ጥላው የማን እንደሆነ አስብ እንጂ» አሉኝ። አሰብኩ፤ ትንሽም ኮራሁ፤ ጨለማው ግን እንዳለ ነው። እንደ ልማዴ ለመሄድ ሰበብ እየፈለግሁ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠርጥሬ ዝም አልኩ።

ዝም የማያሰኘኝ ነገር የመጣው ከታች ሰፈር ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ መርሻ እዚያ ሸማኔ ነው። ከላይ መደዳ እስከ መግቢያው በር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ አለ፤ ታች ሰፈር ከበሩ ውጭ ነው። አንድ ቀን ወርጄ ሳየው ክሩን በክንዱ ርዝመት አርቆ ይዞ ዓይኑን ያጠባል።

በታች ሰፈር የክር ቀን የሚሉት ቀን አለ። ክረምቱ እንደወጣ እያንዳንዱ ሸማኔ በሽማግሌዎች ፊት አርባ ክር በሸማ ዕቃው ጥርሶች መካከል ያሳልፋል። ያላሳለፈ ዕቃው ተነቅሎ ለሌላ ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን እንዲያይ ይደረጋል። ጋሼ መርሻ ያን ዕቃ ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቶበታል።

በኪሴ ከያዝኳቸው መነጽሮች አንዱን ሰጠሁት። አጠለቀው። አርባውን ክር አንድ ጊዜም ሳይሳሳት አሳለፈ። ከዚያ አወለቀውና እንደ ብርጭቆ በብርሃን አቅጣጫ ከፍ አድርጎ አየው።

«ማነው የሠራው ቢሉኝ?»

«እኔ።»

«አንተ የት ነህ?»

«ላይ።»

«እንግዲያስ አልተሠራም» ብሎ መለሰልኝ።

ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሸማኔ ክሩን የሚያሳልፈው በገዛ ዓይኑ ነው፣ አለዚያም በዚያው ሰፈር ስሙ በር ላይ የተጻፈ ሠሪ በሠራው መነጽር ነው። ዓይኑ ከውጭ የመጣ እንደሆነ ሸማውም ከውጭ እንደመጣ ይቆጠራል። ታች ሌላ ሱቅ እንዳልከፍት ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ አንድ ስም በሁለት በር ላይ አይጻፍም። ጋሼ መርሻ በዕቃው እንዲቀጥል ከተፈለገ ስሜ ከላይ መውረድ አለበት።

«የምትወርደው ለእኔ ብለህ ነው፣ ወይስ እንደ ልማድህ ውስጥ እግርህን በልቶህ?» አለኝ።

«ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ።»

«ለዘንድሮ ይበቃል» አለ።

ወደ ላይ ወጥቼ ውሌን ዳግም አነበብኩ። አሥራ አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ «ተከራይ ጊዜው ሳይደርስ ለመውጣት ቢፈልግ ሦስት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። በሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን ቤቱን አጽድቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልፉን ለቁልፍ ተቀባዩ ከእጅ ወደ እጅ ያስረክባል። ከእጅ ወደ እጅ ያላለፈ ቁልፍ እንዳልተመለሰ፣ ተከራዩም እንዳልወጣ ይቆጠራል።» የክር ቀን ሊደርስ ሦስት ወር ከአንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አራት መስመር ጻፍኩና ወደ ጽናት ሹሙ ሄድኩ።

ሹሙ አንድ ቅጽ አወጡ።

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«ሥራ ጠፍቶብሃል?»

«ደህና ነው፣ ጌታዬ።»

«ሞተሃል?»

አንገቴን አስግጌ ቅጹን አየሁ።

«ቅጹ ላይ ስላለ ነው።»

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያስ ለመውጣት ምክንያት የለህም።»

«አሥራ አራተኛው አንቀጽ ምክንያት አይጠይቅም።»

የከተማው ቅጂ ከሣጥን ወጣ። ገጹ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ጸሐፊያቸው በቢላ አላቀቀው። ሹሙ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ግሩም አንቀጽ ነው» አሉ። «አያቶቻችን እንዴት አድርገው ጽፈውታል። ማንም እንደማይነካው ስላወቁ ነው በጥንቃቄ የጻፉት።»

«እኔ ልነካው ነው፣ ጌታዬ።»

«ለምን ትቸገራለህ? ሂድ። ነገ ጠዋት ደህና ሰው አስቀምጥልሃለሁ። ከፈለግህ አንተን የሚመስል እፈልጋለሁ፤ ቀጠን ያለ፣ የሚጠራጠር ዓይነት።»

«ስሜስ?»

«ስምህማ እዚሁ ከበሩ ጋር ይቀራል። ለሚሄድ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?»

ደብዳቤዬን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። «ወጪ» የሚል መዝገብ ስላልነበራቸው በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ቀኑ ግን በግልጽ ይነበባል፤ ለእኔ ያ በቂ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ቀን ምትኩን ልቀበል ምንም አልቀረኝም ነበር። ቁልፍን ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ የለመደ ሰው ነኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ቀደም ሲል ወደ ጋሼ መርሻ በወረድኩ ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ያየሁት ሰው ነው። ሽማግሌ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የበቅሎ ዕቃ ይሰፋል። የሰፈሩ ሰው ሲጠራው «ያ ሰውዬ» ይለዋል። እጁን ሳየው ስፌቱ ልቅም ያለ ነው።

«ስምዎ ማን ነው፣ አባቴ?» አልኩት።

«ላይ ነው» አለ።

«ላይ የት?»

«ሃያ ስድስተኛው በር።» ወስፌውን ከቆዳው ነቀለና ቀና አለ። «ያ ተቀማጭ አሁንም ያስላል?»

«ያስላል።»

«እንግዲህ ለእኔ ነው የሚያስልልኝ» ብሎ ሳቀ። ስም ስለሌለው በር የለውም፤ በር ስለሌለው የሰፋው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ይሸጣል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሰፈሩ ግማሽ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስቱ ወር በክብር አለፈ። በመጀመሪያው ወር ሹሙ የአምስተኛ ዓመት ትራስ ላኩልኝ፤ በሁለተኛው የሰባተኛ ዓመት። በሦስተኛው የመጣው ትራስ በበሩ አልገባ ስላለ ውጭ ቀረ፤ ፍየሎች ተኙበት። ጎረቤቴ ምትኩ ግን አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ አነጋገረኝ፤ ቀልድ አልነበረበትም።

«አንተ በራስህ ስም ገብተህ በራስህ ስም ከወጣህ፣ እኛ ሃያ ስድስታችን ተቀምጠን የምንጠብቀው ምንድን ነው?»

በዚያች ከተማ አንድም ሰው ክፉ አይደለም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ነገር አለው፤ የሚጠብቁትን ነገር በጭራሽ ያላየሁት እኔ ጥፋተኛው እሆናለሁ እያልኩ አድሬያለሁ።

የመጨረሻው ቀን የክር ቀን ዋዜማ ነበር። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ ወለሉን ጠረግሁ፤ በሩን ዘይት ቀባሁት። ስሜ የተጻፈበትን ሰሌዳ ነቅዬ ከበሩ አጠገብ አቆምኩና ቆልፌ ወደ ግንቡ ወጣሁ። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ የቁልፍ ተቀባዩ ክፍል አናቱ ላይ ነው። በሩ ላይ «አቶ ክንፈ፣ ቁልፍ ተቀባይ» ተጽፏል።

ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል። ትራሷ እንደ አልጋ ነው፤ ሁለት እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው።

«አቶ ክንፈ፣ እንደምን አደሩ» አልኩ፤ ሰላምታ የሚሰጠው እንደዚያ ነውና።

«እግዜር ይመስገን።»

«ቁልፍ ላስረክብ ነው።»

«ክንፈ ይቀበል ነበር። እኔ እቀመጣለሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። ለአንቀጹ የጎደለው የሚቀበል እጅ ነበር። ቁልፍ ተቀባዩ ራሱ ጊዜው ሳይደርስ ሄዷል፤ ቁልፉን የሚቀበልለት ሰው ስላልነበረ እሱም እንዳልሄደ ተቆጥሯል።

ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጌ እጄን ዘረጋሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። አንቀጹ ከእጅ ወደ እጅ ይላል እንጂ ስንት ሰዓት ተዘርግቶ እንደሚቆይ አይልም። አራት ሰዓት ላይ ተከራዮች መጥተው አዩኝ። አምስት ሰዓት ላይ ምትኮቹ ተራ እየገቡ መጡ፤ ትራሳቸውን ይዘው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሹሙ መጡ።

«እጅህ አልደከመም?»

«ደክሟል።»

«አውርደዋ።»

«እርስዎ ይቀበሉኝና ላውርደው።»

«የእኔ ሥራ አይደለም። የሰው ሥራ መሥራት ራሱ የጽናት ጉድለት ነው።» ዞር ብለው ለሴቲቱ «አቶ ክንፈ፣ በርቱ» አሉና ለምሳ ሄዱ። ሰዉም አብሯቸው ሄደ።

ክንዴን በሌላው እጄ ደገፍኩት። ሴቲቱ ቁልፉን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ታች ወርደህ ምን ልትሠራ ነው?» አለች።

«መነጽር። አጎቴ ነገ አርባ ክር ማሳለፍ አለበት። በስሜ ካልወረድኩ ዕቃውን ይነቅሉበታል።»

«ሸማኔ ነው?»

«አርባ ዓመት አልፎታል።»

«እኔም እፈትል ነበር» አለች፤ ነጠላዋ ውስጥ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። «እንዝርቴን ከተውኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሲቀጥሩኝ እጄ እንዳይታይ አሉኝ። መጀመሪያ ይከብድ ነበር፤ በኋላ እጅ እንዳለኝም ረሳሁ። ከተቀበልኩህ ምን እሆናለሁ?»

«አላውቅም» አልኳት። «ከትራሱ የሚያስነሱዎት ይመስለኛል። ደረሰኙ ላይ ግን የተቀበለው ሰው ስም ይጻፋል። የራስዎ ስም።»

ሌላ ማባበያ አልነበረኝም። ይህም ማባበያ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሹሙ ከምሳ ተመልሰው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ከነሰዉ፣ አንድ እጅ ከነጠላው ወጥቶ በአየር ላይ ነበር። ነጭ ነው፤ ፀሐይ ያላየ እጅ ነው።

«አቶ ክንፈ» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ «እጅዎን ይመልሱ።»

«ክንፈ እዚህ የለም፣ ጌታዬ። ቆላ ወርዶ ንብ ያረባል አሉ።» ቁልፉን ከመዳፌ አነሣችው። «እኔ ትርንጎ ወልዴ ነኝ።»

ከዚያ ተነሣች። አሥራ አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው አነሣሥ ነበር፤ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላው። ወረቀት አምጡልኝ አለች። ጸሐፊው ሹሙን አየ፤ ሹሙ ግድግዳውን አዩ፤ ወረቀቱ መጣ። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ እያየች፣ «የሃያ ሰባተኛውን በር ቁልፍ ከአጥናፉ ተሰማ እጅ ተቀብያለሁ። ትርንጎ ወልዴ» ብላ ጻፈች።

ሹሙ ወደ መስኮቱ ሄደው ከተማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። መለስ ሲሉ ፊታቸው እንደ ቀድሞው ሆኗል።

«ስንት ሰዓት ነው የተቀበለችው? ይመዝገብ። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች ተከራይን በአንቀጽ ያስወጣ አለ?»

«የለም፣ ክቡር ሹም» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያስ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን።»

ሳላመሽ ወረድኩ። ሰሌዳዬን ተሸከምኩ፤ በመደዳው መካከል፣ በሰዉ ፊት፣ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ሩቅ አገር ሰባት ቤት ስለቅ ማንም አላየኝም ነበር፤ ዛሬ ከተማው በሙሉ እያየኝ ነው፤ የሆነ የሆነውን ሁሉ ስጠራጠር የኖርኩት ሰውዬ በሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ደረጃ ላይ አንዱንም አልተጠራጠርኩም። ከደረጃው ግርጌ፣ ከበሩ ወጥቼ ዞር ስል አንድ ድንጋይ ጠራቢ በመግቢያው በር ላይ መሰላል አቁሞ አየሁ። ከነበረው ጽሑፍ ሥር እንዲህ እየቀረጸ ነበር፤ «በአንቀጽ ከወጣው በቀር፤ እሱንም ያስወጣነው እኛው ነን።»

ሳይመሽ ሰሌዳዬን ከጋሼ መርሻ ቤት ጎን ባለችው አንድ ክፍል በር ላይ ቸነከርኩ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሼ መርሻ መነጽሩን በመሐረብ ጠርጎ አጠለቀ፤ ከዕቃው ፊት ተቀመጠ፤ አንደኛውን ክር አሳለፈ፤ ሁለተኛውን፤ አርባውንም። ፈጥኖ አልሠራም። የቸኮለ እንዳይመስል ብሎ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እሱ ሲኮራ ቀስ ይላል።

«ዓይኑን ማን ሠራው?» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

«አጥናፉ ተሰማ» አለ፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «የእህቴ ልጅ።»

«የት ነው ያለው?»

ጋሼ መርሻ ራሱን ሳያዞር በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰሌዳዬ አመለከተ።

«እዚህ ነዋ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ያ ሰውዬ ነው፤ ወስፌውን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ንጹሕ ልብስ ለብሷል።

«ያ ደብዳቤህ ስንት መስመር ነበር?» አለኝ።

«አራት።»

«ምን ምን ይላል?»

«የመጀመሪያው ማን እንደሆንክ፣ የትኛው በር ተከራይ እንደሆንክ። ሁለተኛው በየትኛው አንቀጽ፣ መቼ እንደምትወጣ። ሦስተኛው ቤቱን አጽድተህ ቁልፉን እንደምታስረክብ።»

«አራተኛውስ?»

«አራተኛውን አንቀጹ አይጠይቅም» አልኩት። «ግን እንዳትተወው። ‘ስሜን ይዤ እሄዳለሁ’ ይላል።»